ሙት ወቃሽ

እናቷ በተቀበረች ማግስት ቤቱ በሰው ተጨናነቀ። ወንበር ከየጎረቤቱ ተለመነ፤ እሱም ሲያልቅ ሰዉ አልጋው ጫፍ ላይና ሣጥን ላይ ተደረደረ። የገባ ሁሉ የሚናገረው አንድ ነው። «እንዴት ያለች ዝምተኛ ሴት ነበረች!» «ክፉ ከአፏ አይወጣ!» «የሰው ዕቃ እንኳን ልትነካ ቀና ብላ አታይም።»

ልጅቷ ጥግ ይዛ ጥርሷን ታፋጫለች። ልጅቷ ያልናት ለሟቿ ልጅ ስለሆነች ነው እንጂ አርባን የተሻገረች የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ የራሷም ልጅ አላት። ከትናንት ጀምሮ አንድ ጠብታ እንባ ከዓይኗ አልወጣም። ሰዉ «ደንግጣ ነው፣ ገና አልገባትም» ይባባላል። የደነገጠ ሰው ፊቱ ይገረጣል፤ የእሷ ግን በርበሬ መስሏል። ተናዳ ነበር።

ጎረቤቷ ጠጋ ብላ «አልቅሺ እንጂ የኔ እህት፣ ይውጣልሽ» አለቻት።

«ምኑ ነው የሚወጣልኝ?»

«ሐዘኑ ነዋ።»

«ከእሱ በፊት ብዙ ወረፋ አለ» አለችና ፊቷን አዞረች።

እናትየው ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ካውያ ስትገፋ የኖረች ሴት ነበረች። በእጇ ያለፈ ሸሚዝ አዲስ ይመስላል። ቤቷም እንደዚያው አንድ መጨማደድ አይታይበትም፤ ድምፅም አይሰማበትም። ግራ መዳፏ ላይ የሚያብረቀርቅ አሮጌ ጠባሳ ነበራት። ስትጠየቅ «ልጅ ሆኜ ወድቄ ነው» ትላለች፤ በቃ። አንገቷ ላይ ደግሞ በክር የታሰረ ቁልፍ አይጠፋም፤ የወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ ነው። ስኳሩ፣ ዳቦው፣ ሳሙናው ሳይቀር ይቆለፍበታል። ከማጣት አይደለም፤ ሞልቶም ይቆለፋል። ልጅ ሲርባት ትጠይቃለች፤ እናት ቁልፉን ከደረቷ ታወጣለች፣ ትከፍታለች፣ ትቆርሳለች፣ መልሳ ትቆልፋለች። «ጎበዝ» የሚባል ቃል በዚያ ቤት ተነግሮ አያውቅም። «አይዞሽ»ም እንደዚያው።

ሹፌሯ ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን ቁም ሣጥኑ ሳይቆለፍ ተረሳ። ጣቷን በምራቋ አርሳ ስኳሩ ውስጥ ከተተችው። ላሰች። ደገመች። እናቷ ከኋላዋ መጣች። አልጮኸችም። የእጇን አንጓ ይዛ ወደ ምድጃው ጎተተቻትና መዳፏን ወደ ታች ገልብጣ ከጋለው ብረት በላይ ያዘቻት። አላስነካቻትም፤ ግን ወላፈኑ ቆዳዋን ይለበልባታል። «ልብሽ ይወቀው» አለቻት። ከዚያ በድንገት ገፈተረቻትና መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ስለዚያ ቀን እናትና ልጅ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ኖሩ። ሆድ ይፍጀው ነው።

ልጅቷ አደገች፤ መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ መሪ ጨበጠች። ዝምታ ጠግባ ስላደገች ይሁን እንጃ፣ ክላክስ ትወዳለች። እግረኛ ቢያመነታ፣ ታክሲ ቢደነቀር፣ መብራት ቢዘገይ፣ ጡሩምባዋ መንደሩን ያናውጠዋል። ተሳፋሪዎች «ነጎድጓድ» የሚል ስም አውጥተውላታል። አብሯት የሚሠራው ቲኬት ቆራጭ፣ «ይሄ አውቶቡስ ናፍታ ቢያልቅበትም ግድ የለም፤ በአንቺ ንዴት ዴፖ ይገባል» እያለ ይቀልድባታል። ባሏ ግን ቀልዱ አልታየውም፤ ትቷት ከሄደ ቆይቷል።

የእናቷ እግር ሲከዳ ወደ ራሷ ቤት አመጣቻት። አሮጊቷ «ያለ ቁም ሣጥኔ ንቅንቅ አልልም» ስላለች ቁም ሣጥኑም አብሮ ተጭኖ መጣ። ሹፌሯ ስምሪት ክፍሉን ለምና ፈረቃዋን አስቀየረች። አጠበቻት፣ አገላበጠቻት፣ በማንኪያ አጎረሰቻት። ይህን ሁሉ ስታደርግ አንድ ነገር ትጠብቅ ነበር። ይቅርታ እንኳ ባይሆን፣ «ያን ቀን ክፉ ሠራሁብሽ» የምትል አንዲት ቃል። ጠበቀች። እናቷ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት ዓይኗን ገልጣ አየቻትና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ሹፌሯ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ቁም ሣጥኑ ተቆልፏል?»

«ተቆልፏል፣ እማዬ።»

ያቺ ናት የመጨረሻዋ ቃል። እንግዲህ አልቅሺ ይሏታል።

ለቅሶው ላይ ከጎኗ የተቀመጠችው አክስቷ ናት፤ የእናቷ ታናሽ። ረፋዱ ላይ አንዲት በጣም ያረጀች ሴትዮ፣ ከላይ እስከ ታች ጥሩ ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሩ በሸበተ ልጇ ክንድ ተደግፋ ገባች። ሰዉ የማያውቃትም ቢሆን ለልብሷ ሲል ተነሣላት። ተቀመጠች፤ መሐረብ አወጣች፤ ትተርክ ጀመር።

«ነፍሷን ይማርና፣ ይቺ ልጅ እኛ ቤት ነው ያደገችው። ከልጆቼ ለይቼ አላየኋትም። የበላሁትን አብልቼ፣ የለበስኩትን አልብሼ... ይሄ የምታወሩላት ሥርዓት ሁሉ ከእኔ የወሰደችው ነው።»

ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። የአክስቷ እጅ የሹፌሯን ጉልበት ጨመደደው። «ውሸታም» አለች በትንፋሿ።

«ምን አልሽ?»

«ዝም በይ ልጄ፣ ለቅሶ ላይ ነን።»

ሹፌሯ ክንዷን ይዛ ወጥ ቤት አስገባቻትና በሩን ዘጋች። «ተናገሪ።»

«ምን ያደርግልሻል አሁን...»

«አክስቴ፣ ተናገሪ አልኩሽ!»

አክስትየዋ ቁም ሣጥኑን ተደገፈች። «አባታችን ሲሞት እናታችን ሁለታችንን ማብላት አቃታት። ትልቋን፣ እናትሽን፣ 'ያስተምሩሻል' ብላ ሰው ቤት ላከቻት። እንኳን ልትማር የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። ወጥ ቤት ወለል ላይ ነበር የምትተኛው። ከአንቺ ልጅ የምታንስ ነበረች እኮ! አንድ ቀን ስኳር ጎደለ ተባለ። ሴትዮዋ እጇን ይዛ የጋለ ምድጃ ላይ አሳረፈችው። በኋላ ሲጣራ የላሰው የራሷ ልጅ ነው።»

«የቷ ሴትዮ?»

«ይቺው እዚያ እያለቀሰች ያለችው።»

ከሳሎን የሴትዮዋ ድምፅ ይሰማል። አክስትየዋ ቀጠለች፤ አንዴ ተከፍቷል፣ አይመለስም። «እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ቤት ጠፍታ መጣች። እናታችን አየችው። ምን እንዳለቻት ታውቂያለሽ? 'ቻይው። እኔም እንዲሁ ነው ያደግሁት።' ብላ በማግስቱ መልሳ ወሰደቻት።»

«ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ?»

«አስምላኝ! 'ልጄ የገረድ ልጅ መባልን አትስማ' ብላ አስምላኝ ነዋ!»

ሹፌሯ የራሷን መዳፍ ዘርግታ አየችው። ከዚያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የስኳሩን ቀን ለሰው ተናገረች። አክስትየዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«አቃጠለችሽ?»

«አላስነካችኝም።»

«አየሽ? ልቧ እምቢ ብሏት ነው። ትታዋለች፣ ልጄ።»

«ታዲያ ግማሹን ስላስቀረችልኝ እጅ ልንሳላት?»

በሩን ከፍታ ሳሎን ተመለሰች። ሴትዮዋ አሁንም ከወሬዋ አልተነሣችም።

«እማማ» አለቻት ሹፌሯ፤ ድምፅዋ ገና ዝቅ ያለ ነበር። «የእናቴን ግራ እጅ ያስታውሱታል?»

«የምን እጅ?»

«ምድጃ ላይ ያሳረፉትን እጅ ነዋ።»

ሴትዮዋ መሐረቧን አጠፈች። ብትክድ ይሻል ነበር። አልካደችም።

«የዚያን ጊዜ ልጅ የሚቀጣው እንደዚያ ነው። ለጥቅሟ እንጂ ለክፋት ነው? ይኸው 'የሰው ዕቃ አትነካም ነበር' እያላችሁ ስትመሰክሩላት አልነበር እንዴ?»

የሹፌሯ ደም ራሷ ላይ ወጣ። ልትናገር የፈለገችው ብዙ ነው፤ ስድቡንም፣ እርግማኑንም፣ የእናቷን ዕድሜ ሁሉ። አፏ ግን የለመደው አንድ ቃል ነውና እሱን አወጣው።

«ይውረዱ!»

ሰዉ ግራ ተጋባ። ቤት ውስጥ ከየት ነው የሚወረደው?

«ይውረዱ አልኩ! ከዚህ ቤት ይውረዱልኝ!»

ልጅየው ተነሣ። «እናቴ አሮጊት ናት፤ ትንሽ አክብሮት...»

«ስኳሩን የላስከው አንተ ነህ ወይስ ወንድምህ?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ።

«አንተም ውረድ!»

በር አጠገብ ተቀምጦ የነበረው ቲኬት ቆራጭ የልማዱን ብድግ ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። እናትና ልጅ ወጡ። አክስትየዋ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና በእንባዋ መሃል ሳቀች።

ጎረቤቷ ደረቷን ይዛ «ኧረ ስለ ፈጠረሽ! በለቅሶ ቤት! ሙት ወቃሽ አትሁኚ» አለቻት።

«እኔ የወቀስኩት በእግሩ ቆሞ የሚሄደውን ነው» አለች ሹፌሯ። «ሙቷም ተራዋ ይደርሳታል።»

እውነቷን ነበር፤ ደረሳት። ሰዉ ሲበተን የጎማ መፍቻውን አምጥታ በቁልፍ የሚከፈተውን ቁም ሣጥን በብረት ገነጠለችው። ቁልፉ እጇ ላይ ነበር፤ ግን በቁልፍ መክፈት አልፈለገችም። ውስጡ ምንም ምስጢር የለም። ሳሙና፣ የሻገተ ብስኩት፣ ደርቆ ድንጋይ የሆነ ስኳር። ስኳሩን ከነጣሳው ወለሉ ላይ ፈጠፈጠችው። «ለእኔ መንገር አቃተሽ? ለእኔ? ሙሉ ዕድሜዬን ምን አጥፍቼ ነው ስል ኖርኩ! ምንም አላጠፋሁም! አንቺም አላጠፋሽም! ታዲያ ምን አስቆለፈሽ?» እንባዋ የመጣው ያኔ ነው። ስትወራጭ ክንዷ መደርደሪያ ላይ የነበረ ብርጭቆ መታና ወድቆ ተሰበረ።

በር ላይ ቆማ ታያት የነበረችው ልጇ በአንድ ዝላይ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ጭንቅላቷን በሁለት ክንዷ ሸፈነች። «እኔ አይደለሁም!» አለች።

ሹፌሯ ባለችበት ደረቀች። ይቺን ልጅ በእጇ ነክታት አታውቅም። በዚህም ትኮራ ነበር፤ እኔ እንደ እናቴ አይደለሁም እያለች። ጎንበስ አለች።

«እኔ እንደሰበርኩት አይተሻል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«አንድ ቀን መትቼሽ አውቃለሁ?»

«አታውቂም።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሻል?»

ልጅቷ ክንዷን ከራሷ ላይ ሳታወርድ፣ «ድምፅሽ» አለች።

ሹፌሯ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ስኳሩና ስባሪው ተቀላቅሎ እግሯ ሥር ይንኮሻኮሻል። «ውጪ፣ ምንም አልልሽም» አለቻት። ልጅቷ አልወጣችም። አላመነቻትም። ምን ብላ ትመናት?

ከዚያ በኋላ ነገሩ በአንድ ጀምበር ተስተካከለ የሚል ካለ አይመኑት። በየእሑዱ አክስቷ ዘንድ እየሄደች የእናቷን ታሪክ በቁርጥራጭ አስወራቻት። አንዳንዱን እሑድ አክስቷ ላይ ጮኻ፣ በር ወርውራ ትመለሳለች፤ በሳምንቱ ደግሞ ሙዝ ይዛ ትሄዳለች። አክስትየዋም «መጣሽ ደግሞ ልትጮኺብኝ? ጆሮዬን ልጠብ» ትላታለች። ጤና ጣቢያ ከምትሠራ የምክር ባለሙያም ዘንድ ሄዳ ነበር። ሴትዮዋ «ለእናትሽ ምን ይሰማሻል?» ብትላት፣ «ላንቃት እፈልጋለሁ፤ ደግሞ ያን እጇን በጨርቅ ልጠቀልልላት እፈልጋለሁ» አለቻት። «ሁለቱም ያንቺ ነው፤ አንዱን መርጠሽ እንድትጥዪ ማንም አያስገድድሽም» አለቻት ባለሙያዋ። ሹፌሯ በሕይወቷ ከሰማችው ምክር ሁሉ ያላናደዳት ይሄ ብቻ ነው።

መቃብሩን ለብዙ ጊዜ አልረገጠችም። ሰው አማት። አንድ ቀን ከፈረቃ ስትወጣ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ሄደች። አበባ አልያዘችም። ቆማ፣ «ሰምቻለሁ፤ አንጀቴን በልተሽዋል። ይቅር ግን አላልኩሽም። ገና ነኝ» አለችና ተመለሰች።

ቤት ውስጥ የሚከብዳት ድምፅዋ ነበር። ንዴቱ አልጠፋም፤ ከጥርስ ጋር የበቀለ ነገር እንዴት ይጠፋል? ሲመጣባት ግን ደረጃውን ወርዳ መንገድ ለመንገድ ትንጎራደዳለች፤ ወይም መስኮት ከፍታ መንገዱን ትሰድባለች። መንገዱ ለምዶታል።

በቀደም ልጅቷ ከጓደኛዋ ቤት ማደር ፈለገች፤ ሹፌሯ ከለከለቻት። ልጅቷ አድርጋ የማታውቀውን ነገር አደረገች። ወገቧን ይዛ፣ «አንቺ ሁሉን ነገር ታበላሺያለሽ! ጠላሁሽ!» ብላ ጮኸች፤ ክፍሏ ገብታ በሩን አላተመችው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘመመ።

«ነይ ውጪ» የሚለው ነጎድጓድ እስከ ሹፌሯ ምላስ ደረሰ። ጫማዋን አጥልቃ ወጣች፤ ዳቦ ቤቱን አልፋ፣ ጎማ ጠጋኙን አልፋ፣ ላብ እስኪያጠምቃት ተራምዳ ተመለሰች። ራት አቀረበች። ልጅቷ መጣች፤ ፊቷን አኮሳትራ፣ ከንፈሯን ጥላ፣ ቀና ብላ ሳታያት በላች። «ጨው አቀብዪኝ» እንኳ አላለችም፤ ተንጠራርታ ራሷ አነሣች።

ሹፌሯ ሰረቅ እያደረገች ታያታለች። ገና እንደተቆጣች ናት፤ ነገም አትፈቅድላትም። ግን አያቷ፣ እናቷ፣ እሷም ራሷ፣ በእናታቸው ፊት እንዲህ ተዝናንተው አኩርፈው አያውቁም። ማን ደፍሮ! ይቺ ግን ታኮርፋለች፤ ያውም ሁለተኛ ሰሃን እያስጨመረች።