አይቼ ዝም ያልኩት ባትሪ

ሥራ በጀመርኩበት ጠዋት ጋሽ ይመር ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። መርሳ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለችው የጥገና ሱቃቸው የተቀጠርኩት ለመጥረግና ቻርጅ የሚደረግ ሞባይል ለመቀበል ነበር።

«ምን ይመስልሻል?» አሉኝ።

ዓይናፋር ነኝና ባትሪውን በጣቴ ዳሰስኩት።

«አፍሽን አልጠየቅሁም። ጣትሽ ምን አለ?»

«አብጧል።»

«ያበጠ ባትሪ አይጫኑትም፣ አይወጉትም፣ ቻርጅ አያደርጉትም። የዛሬ ትምህርትሽ አለቀ። መጥረጊያው ከበሩ ኋላ ነው።»

በሱቃችን ሦስት ማዕረግ ነበር። ተቀባይ ዕቃ ይረከባል፤ ከፋች ብሎን ፈትቶ አቧራ ይጠርጋል፣ ባትሪ ይቀይራል፤ ጠጋኝ የብየዳ ካውያ ይይዛል። ጠጋኙ ጋሽ ይመር ራሳቸው ነበሩ። ከተቀባይነት ወደ ከፋችነት ለመድረስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። የራሴ ካቻቢቴ፣ የራሴ ቴስተርና የራሴ ብሎን ማስቀመጫ ሲኖረኝ ለእናቴ ብቻ ነገርኳት።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል እለያለሁ እንጂ ትርጉሙ አይገባኝም። ጋሽ ይመር በላፕቶፑ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍተው አንድ መስመር ሲጽፉ ስለ ባትሪው ረጅም ሪፖርት ይወጣል። ያቺን መስመር እንደ ጥልፍ ንድፍ ፊደል በፊደል ገልብጬ ያዝኳት። ከሪፖርቱ የምፈልገው ሁለት ቁጥር ነው። አንደኛው ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ ይይዝ የነበረው፣ ሁለተኛው ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው። ሃምሳ ሺህ ይዞ የተወለደ ባትሪ ዛሬ ሃያ ሺህ ከያዘ፣ ባለቤቱ «ቻርጀሩ ነው የተበላሸው» ብሎ ቢምል አልሰማውም።

እኛ አገር ባትሪ የሚገድለው እንክብካቤ ነው። መብራት ይጠፋል ብሎ የሚፈራ ሰው ላፕቶፑን ሌት ተቀን ከሶኬት አይነቅለውም። ከአስፋልቱ የሚነሳውን አቧራ የሚፈራ ሰው ደግሞ በፌስታል ይጠቀልለውና በላዩ ዳንቴል ያለብሰዋል። መርሳ ሞቃት ነው። መቶ ሞልቶ፣ ተሸፍኖ፣ ቻርጀር ላይ የሚውል ባትሪ ከውስጥ ይበስላል።

ስለዚህ ለደንበኞች የምለው ነገር ነበረኝ። ቻርጅ ሲደረግ ሽፋኑን አውልቁ። ሰማንያ ሲደርስ ንቀሉ። እስኪጠፋ ድረስ አትጠቀሙበት። ለክረምት ቆልፋችሁት የምትሄዱ መምህራን፣ ባዶም ሙሉም አድርጋችሁ አትተዉት፤ ግማሽ ላይ ይክረም። አንድ ቀን ከውርጌሳ የመጡ ነጋዴ ሰማንያ ስላቸው ሳቁ።

«እኔ የማውቀው የጋብቻ ሰማንያ ነው። ላፕቶፕም ይታሰርበታል?»

«ለዛሬ ቢሉ መቶ ይሻልዎታል፣ ለሚመጣው ዓመት ቢሉ ሰማንያ» አልኳቸው። ድምፄ ስለማይሰማ ጋሽ ይመር ከኋላ ሆነው ደገሙላቸው። እንዲያ ነበር የምንሠራው። እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው ያሰሙልኛል።

በአራተኛው ዓመት ሐያት መጣች። ወልድያ ኮሌጅ ተምራ ዲፕሎማ ይዛለች። ተቀባይ ሆና አልጀመረችም፤ በመጣችበት ቀን ፊቱ ወደ በሩ የሆነው ወንበር ተሰጣት። ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ሆነ። ስትስቅ ጥርሷ ያምራል፣ ስታስረዳ እንግሊዝኛ ትቀላቅላለች። ጋሽ ይመር እኔን አራት ዓመት ሙሉ «አንቺ ሰዓዳ» እያሉ ጠርተውኛል። እሷን በሳምንቷ «ሐዩ» አሏት።

ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም። የሻይ ብርጭቆዋን ሳጥብ እንኳ ጠንከር አድርጌ ነበር የምፈትገው።

ከረመዳን በፊት ጋሽ ይመር ወልድያ መናኸሪያው አጠገብ ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍቱ መሆኑን ነገሩን። «ከሁለታችሁ አንዷ ትይዘዋለች። ከኢድ በኋላ እወስናለሁ» አሉ። ያንን ሱቅ የፈለግሁትን ያህል በሕይወቴ የፈለግሁት ነገር የለም። የራሴ ጠረጴዛ፣ የራሴ በር፣ ሰው ሲገባ እኔን የሚጠይቅበት ቦታ።

በማግስቱ ሐያት ለአንድ ደንበኛ ስታስረዳ ሰማኋት። «ሽፋኑን ያውልቁ፣ ሰማንያ ሲደርስ ይንቀሉ፣ ለክረምት ግማሽ ላይ ያስቀምጡት።» ቃል በቃል የእኔ ነበር። ሻይ ስንጠጣ የነገርኳት። ደንበኛው «መማር እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ ሄደ። ከሰዓዳ ነው የሰማሁት ብትል ምን ይጎድልባት ነበር? ካቻቢቴዬን ብትወስድ እንዲያ አልቆጭም።

ከዚያ በገበያ ቀን መምህር ሁሴን ግራና ከምትባለው ከተማ መጡ። የትምህርት ቤታቸውን የተማሪ ውጤት የሚመዘግቡት እሳቸው ናቸው። ላፕቶፑ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በላዩ ባለቤታቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል ለብሶ ነበር። ጋሽ ይመር ለሰላት ወጥተዋል።

«ታችፓዱ፣ ይህ በጣት የሚነካው፣ አልጫን አለኝ ልጄ» አሏት ለሐያት።

«አብሽሩ መምህር፣ ሶፍትዌር ይሆናል።»

ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ላፕቶፑ ተንገዳገደ። አንድ እግሩ ያጠረ በርጩማ ይመስል ነበር። ጠረጴዛችን ደልዳላ ነው፤ ጋሽ ይመር በውሃ ልክ አስለክተው ነው ያሠሩት። በደልዳላ ጠረጴዛ ላይ የሚንገዳገድ ላፕቶፕ ሆዱ ውስጥ ያበጠ ባትሪ አለ። ታችፓዱ የማይጫነውም ባትሪው ከሥር ስለሚገፋው ነው። ይህን ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግም።

እኔ አወቅሁ። ሐያት አላወቀችም። አንዴ አብርታ ነካካችው፣ አጥፍታ አበራችው። በጎኑ ቀጭን ስንጥቅ ተከፍቶ አየች።

«ብሎኑ ላልቶ ነው» አለች። «ሰዓዱ፣ ትንሿን ካቻቢቴ አቀብዪኝ እስኪ።»

ዲፕሎማሽ ይንገርሽ አልኩ በልቤ። ነገ ተመላሽ ይሆናል፣ ጋሽ ይመርም ያያሉ አልኩ። ካቻቢቴውን አቀበልኳት። ብሎኑን አጠበቀች፣ ስንጥቁ ተዘጋ፣ መምህር ሁሴን መርቀዋት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ከግራና ባጃጅ በቆመ ቁጥር ቀና እል ነበር። እኔ የጠበቅሁት የሚናደድ ደንበኛ ነው። አንዳንዴ መንገዱን ይዤ ግራና ድረስ ልሂድ እላለሁ፤ ሐያት ከደንበኛ ጋር ስትስቅ ስሰማ ደግሞ ሐሳቤ ይቀየራል።

በሳምንቱ መምህር ሁሴን መጡ። ከፌስታሉ ውስጥ ያወጡት ላፕቶፕ ሆዱ ተሰንጥቆ ጠቁሯል። ዳንቴሉ ከፕላስቲኩ ጋር ቀልጦ ተጣብቋል።

«ቻርጅ ላይ እንዳለ ጨሰ» አሉ። «ባለቤቴ ሉባባ ከሶኬቱ ነቅላ ወደ ግቢ ወረወረችው። መዳፏ ተልጧል። ቤቱን አላህ አተረፈልን። የልጆቹ ውጤት በወረቀትም ስላለ ስለሱ አታስቡ።»

ጋሽ ይመር ላፕቶፑን አገላበጡት። «ይህን ማን ተቀበለው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች ሐያት። «ብሎን የላላ መስሎኝ አጠበቅሁት። አላወቅሁም።» ከዚያ አለቀሰች።

ጋሽ ይመር መምህሩን እስከ በሩ ሸኝተው ተመለሱ። ወደ እኔ ዞሩና «አንቺ ሰዓዳ፣ ተዘጋጂ። ወልድያን አንቺ ትይዣለሽ» አሉኝ።

ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ በዚያች ደቂቃ የሉባባን እጅ አላሰብኩም።

ሐያት በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች። «ይገባሻል። አንቺ ብትቀበዪው ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። አጠገቤ ተቀምጠሽ ሳላሳይሽ መቅረቴ ነው የሚያናድደኝ።»

ብትሰድበኝ ዝም እል ነበር። እንዲያ ስትለኝ ግን አልቻልኩም።

«አይቼው ነበር» አልኩ።

ድምፄ ቀጭን ነው፤ የዚያን ዕለት ግን የሚያሰማልኝ ሰው አላስፈለገኝም።

«መቼ?» አሉ ጋሽ ይመር።

«ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው። ተንገዳገደ።»

«እና?»

«ካቻቢቴ አቀበልኳት።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ይጮሃሉ ብዬ ነበር፤ አልጮሁም። «እሷ አላወቀችም፣ አስተምራታለሁ። አንቺ ታውቂያለሽ። አንቺን ምን ላስተምርሽ?» አሉ።

ሐያት ካየችኝ በኋላ ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች።

በማግስቱ ጋሽ ይመር ግራና ይዘውኝ ሄዱ። እትዬ ሉባባ ቀኝ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ምን እንዳደረግሁ ራሴ ነገርኳቸው። «አፉ በሉኝ» አልኩ።

«አፉ ብያለሁ፣ ለአላህ ብዬ» አሉ። «ዳንቴሌን ግን ሠርተሽ ትመልሺልኛለሽ።»

«ዳንቴል አልችልም እትዬ።»

«እኔስ በአንድ እጄ እችላለሁ? ነይና አሳይሻለሁ።»

በየእረፍት ቀኔ እየሄድኩ ሠራሁት። ስሳሳት «ፍቺው» ይሉኛል፣ እፈታለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ። ሲያልቅ መምህር ሁሴን ለገዙት አዲስ ላፕቶፕ እንዳያለብሱት ለመንኳቸው።

«ታዲያ ራቁቱን ይዋል?» አሉ።

«ሲተኛ ያልብሱት፤ ሲበላ ያውልቁለት።»

ሳቁ። ከእኔ ጋር የሳቁት ያኔ ነው፣ የመጀመሪያ ጊዜ።

ከኢድ በኋላ ወልድያን የያዘችው ሐያት ነች። ከመሄዷ በፊት ጋሽ ይመር አንድ ወር ሙሉ ከባትሪ ሌላ አላስነኳትም። የሚያሳዩዋትን ግማሹን እኔ እንዳሳይ አደረጉኝ። እኔ እዚሁ መርሳ ከፋች ሆኜ ቀረሁ፤ የብየዳ ካውያ የያዝኩት ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ቆይቼ ነው።

ዕቃ ለመግዛት ወልድያ ስሄድ በሱቋ አልፋለሁ። የመስታወት መደርደሪያ አላት፣ የሚያምር ታፔላ አላት፣ ደንበኛ በሩ ላይ ይጠብቃታል። አሁንም ይቆጠቁጠኛል። እሷ ግን ግራ የገባት ነገር ሲኖር ትደውላለች። «ሰዓዱ፣ ይህ ነገር ተንገዳገደብኝ፣ ጠረጴዛዬ ይሆን?» ትለኛለች። «የመደርደሪያሽ መስታወት ላይ አስቀምጪው፣ እሱ ደልዳላ ነው» እላታለሁ። አስቀምጣ ትነግረኛለች። ለደንበኛው «መርሳ ያለች ባለሙያ ናት ያለችው» ስትል በስልክ ሰምቼያታለሁ። ደስ ቢለኝም ቅናቱን አላጠፋልኝም።

በዚህ ሙያ አጠገባችሁ የተሻለ ወንበር ያገኘ ሰው አይጠፋም፤ መቅናትም አይቀርም። በደልዳላ ቦታ ላይ የሚንገዳገድ ላፕቶፕ ያየ ሰው ግን፣ የማንም ደንበኛ ቢሆን፣ ቻርጀሩን ነቅሎ በዚያው ሰዓት ይናገር።