ወይራ በር የሌለችበት ካርታ

አሕመዲን በመካነ ሰላም መናኸሪያ ግድግዳ ላይ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመኪና መስመር ሲስል ኖሯል። የመንገዱን ጥምዝ አይከተልም፤ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምርና ፌርማታዎቹን በነጥብ ይደረድራቸዋል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ነጥቦቹን በጣቱ እየቆጠረ መውረጃውን ያውቅ ነበር።

አምና በመጋቢት ሉሊት የምትባል ወጣት ባለሙያ ከአንድ ፕሮጀክት ተልካ መጣች። የፌርማታው ስምና የተሳፋሪው ብዛት ከተሞላለት ኮምፒውተሩ ራሱ ካርታውን እንደሚስል ነገረችው። አሕመዲን አልከፋውም፤ ሦስት ቀን አብሯት ተቀምጦ የሚያውቀውን ሁሉ አስመዘገባት። ወይራ በር ላይ ስንት ሰው እንደሚወርድ ስትጠይቀው፣ የትውልድ መንደሩ ናትና ማብዛቱ አሳፈረው። በቀን ሁለት ቢበዛ ሦስት ነው አላት። እውነቱም ይኸው ነበር።

አሕመዲን የያዘውን ሻይ ሳይጨርስ ካርታው ወጣ። መስመሩ የተስተካከለ፣ ፊደሉ የጠራ ነው። አሕመዲን ከልቡ አደነቀ። ከዚያ ወደ አቀስታ ከተማ በሚወስደው መስመር ላይ ጣቱን አስኬደ።

«ልጄ፣ ወይራ በር የታለች?»

«ኮምፒውተሩ ስሞቹ ሲደራረቡበት ጥቂት ሰው ያለበትን ይተወዋል፣ ጋሼ። በእጅ መመለስ ይቻላል፤ ግን ሰኞ ማስረከብ አለብኝ። በሚቀጥለው እትም ትገባለች።»

ካርታው ታትሞ ተሰቀለ። የድሮውን ሥዕል ኖራ እንዲቀባ የታዘዘውም አሕመዲን ራሱ ነበር።

ስምሪት ክፍሉ የመውረጃዎቹን ዝርዝር ከአዲሱ ካርታ ገለበጠ። ረዳቶቹም የወይራ በርን ሰው «ዝርዝሩ ላይ የለችም» እያሉ አሳልፈው ያወርዱት ጀመር፤ ከዚያ የሚሳፈረውን ሲያዩም ማቆም ተዉ።

ወይራ በር የምትኖረው የአሕመዲን ታላቅ እህት ሩቂያ የደም ግፊት አለባት፤ መድኃኒቷን በየወሩ የምትወስደው መካነ ሰላም መጥታ ነው። ነሐሴ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ላይ ቆመች። አንድም መኪና አልቆመላትም። በአራተኛው ቀን ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ከመኝታዋ ሳትነሳ ቀረች። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው መካነ ሰላም አመጧት።

«እያዩኝ ነው የሚያልፉኝ» አለችው፣ አንደበቷ እየተያዘ።

አሕመዲን በማግስቱ ብሩሹን ይዞ ሄደ፤ በታተመው ካርታ ላይ ነጥብ አኑሮ «ወይራ በር» ብሎ ጻፈ። ኃላፊው ንብረት አበላሽተሃል ብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠው፤ ከቀለም ሥራው አንስቶም በር ጥበቃ ላይ መደበው። በካርታው ምትክ ያው ካርታ እንደገና ታትሞ ተሰቀለ፣ መስታወትም ተገጠመለት።

ሉሊትን ስልክ ደውሎ አገኛት። ሌላ ፕሮጀክት ገብታለች። እህቱ የሆነችውን ሲነግራት አዘነችለት። የካርታው ፋይል አሁን በማን እጅ እንዳለ ግን አታውቅም።

«የተሳፋሪውን ቁጥር የሰጠሁሽ እኔ ነኝ» አላትና ዘጋው።

ሩቂያ አሁን እሱ ቤት ናት፤ ወይራ በር ላይ ዛሬም መኪና አይቆምም። ወደ ቤቴ መልሰኝ ስትለው፣ «ክረምቱ ይለፍ እንጂ፣ እታለም» ይላታል። ክረምቱ ካለፈ አራት ወር ሆኖታል።