የሰባተኛው ድስት ሽታ

መምህሬ ሽታ አይለዩም ነበር። በወጣትነታቸው ጨርቅ በሚነጣበት ክፍል ሲሠሩ የክሎሪን ጢስ አፍንጫቸውን እንደወሰደባቸው ራሳቸው እየሳቁ ያወሩታል። እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው ባሕር ዳር ላይ ከደንገል የቫኒላ ሽታ ላውጣ ብለው የተነሡት! እኔ የቤተ ሙከራ ረዳታቸው ነበርሁ፤ ዋናው ሥራዬም ማሽተት። ሌላው ሁሉ «ጓድ» ሲላቸው እኔ የቄስ ልጅ «የኔታ» ነበር የምላቸው።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ኬሚካል ብርቅ ነው። ደንገልን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ሊግኒን የሚባል ነገር አለ። ከታንኳ ሠሪዎች ትርፍራፊውን እንለምንና በኮስቲክ ሶዳ ቀቅለን ጥቁሩን ውኃ እናጠልላለን። ከዚያ ክዳኑ በብሎን በሚጠብቅ የብረት ድስት ከመዳብ ዱቄት ጋር እንደገና እናበስለዋለን፤ አየር የምንሰጠው በብስክሌት መንፊያ ነው። መዳቡ ሊግኒኑን ቶሎ ይሰባብረዋል፤ የቫኒላው ሽታ የሚወጣው ሲሰባበር ነው። ስንት ማንኪያ መዳብ፣ ስንት ሰዓት እሳት የሚለው ነበር ጭንቃችን። ሲበርድ አሲድ ጨምረንበት እኔ አጎንብሼ አሸታለሁ። ቫኒላን እንዳልስት ከኬክ ቤት የለመኗትን ጠርሙስ ጠዋት ጠዋት እንዳሸት ይሰጡኝ ነበር።

ስድስት ድስት ሶዳና የተቃጠለ ሣር ብቻ ሸተተኝ። «ምንም የለም» ባልሁ ቁጥር «ጎሽ፣ ይህም ዕውቀት ነው» ብለው ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ።

ሰባተኛው የበሰለ ዕለት ከስብሰባ ተመለሱ። ክፍላችን ከሰኔ በኋላ መጋዘን ይሆናል ተብለዋል። ይባስ ብሎ አንዱ በሰው ፊት «ሣር ቀቃዩ» ብሎ ቀልዶባቸዋል። ኮታቸውን ሳያወልቁ ቁጭ አሉና «እስቲ አሽትቺው» አሉኝ።

አሸተትሁ። ሶዳ ነው። ቀና ብዬ ፊታቸውን ሳይ ግን ይሉኝታ ያዘኝ።

«ትንሽ ነው እንጂ አለ፣ የኔታ» አልሁ።

እንደ ልጅ ብድግ አሉ። «ግማሽ ማንኪያ መዳብ፣ ሁለት ሰዓት» ብለው ጻፉና ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሸቴን ተከትለን አበሰልን። ግማሽ ማንኪያውን ሳይነኩ ሰዓቱን ብቻ ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። ጠብ የሚል ነገር ሲጠፋ «እጄ ነው ያበላሸው» እያሉ ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ሰኔ ሊያልቅ ተቃረበ። እኔ ምግብ አልበላ አለኝ፤ እንዴት እንደምወዳቸው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አንድ ጠዋት አላስችል አለኝ። «የኔታ፣ ሰባተኛው ላይ ዋሽቼዎታለሁ። አዝነው ሳይዎት እውነቱን መናገር አቃተኝ» አልኋቸው።

ደብተሩን ሰባተኛው ድስት ላይ ገለጡ። ከዚያ ብዕራቸውን አንሥተው ያንን መስመር ሰረዙት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አይ ልጄ፣ እኔኮ ያለኝ አፍንጫ ያንቺው ነው» አሉ። ማንኪያውን አንሥተውም «በይ፣ ዛሬ መዳቡን ሁለት ማንኪያ እናድርገው» አሉኝ።

አሥራ አንደኛው ድስት ሲበርድ አጎነበስሁ። ከሶዳው ሥር አንድ ጣፋጭ ነገር አለ። ደግሜ አሸተትሁ፤ አለ! ግን በምን አፌ ልናገር? አንዴ የዋሸሁ ሰው «አለ» ብል ማን ያምነኛል? ቀና አልሁ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

እሳቸው ወደ ድስቱ አላዩም። ፊቴን ነበር የሚያዩት። ምንም ሳይጠይቁኝ መጻፍ ጀመሩ።

ክፍሉ በሳምንቱ መጋዘን ሆነ። ደብተሩን ግን ለኔ ሰጡኝ። በአሥራ አንደኛው ድስት ትይዩ፣ ሽታ በሚለው ዓምድ ሥር፣ «አለ። አለቀሰች» ይላል።