የሕገ መንግሥቱ ዕለት ሩዝ

በስደት በምንኖርበት በጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት አቶ ሱኒል የአገራቸው ብዙኃን ከሆነው ከሲንሃላ ሕዝብ ወገን ናቸው። አገራቸው፣ በድሮው የጂኦግራፊ መጽሐፋችን ሲሎን የምንላት፣ በ1972 እ.ኤ.አ. አዲስ ሕገ መንግሥት ስታውጅ፣ እንደ ደስታ ቀን ልማዳቸው እዚያው አገራቸው ሳሉ በወተት የበሰለ ሩዝ ለጎረቤት አደሉ። ለአንድ ታሚል ጎረቤታቸውም ሰጡ፤ ሕጉ ግን እንደ ታሚሎች ያሉትን አናሳዎች ይጠብቅ የነበረውን የቀድሞ አንቀጽ አስቀርቶ ነበር።

ባለፈው ጥር ታሚሏ ጎረቤታችን ወይዘሮ ራጂኒ ለመከር በዓላቸው የወተት ሩዝ ይዘውላቸው መጡ።

«ይህ ለእኔ አይገባም፣ ራጂኒ» አሉ አቶ ሱኒል። «ሕገ መንግሥቱ የታወጀ ዕለት እኔም ለታሚል ጎረቤቴ ይህንኑ ሰጥቼ ነበር።»

«እርስዎ ደግሞ! ሩዙ ምን አጠፋ? ያን ቀን አባቴም ከሲንሃላ ጎረቤቱ ተቀብሎ አበላን።»

«አባትሽስ በሉ?»

«አልቀመሰም።»

አቶ ሱኒል ሳህኑን ተቀበሉ። እስካሁን አልመለሱም፤ ባዶውን መመለስ ነውር ነው፣ ሩዝ ሞልተው ለመስጠት ደግሞ የዚያ ዕለት ሩዝ ትዝ እያላቸው እጃቸው እንቢ አላቸው።