ተባርኮ ያልተበላ ምሳ

ከሁለት ዓመት በፊት አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። እዚያ ዕድሜ ደርሼ ምሳ መብላት ይቸግረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ግን እንጦጦ ዳገት ላይ አንድ ዘመናዊ የሕንድ ምግብ ቤት ተጠርተን ሄድን። ምግቡ ከፊታችን እየመጣ ከፊታችን ሲሄድ፣ የልጄም ትዳር አብሮት ሊሄድ ለጥቂት ተረፈ። ዛሬም ትልቅ ሳህን ላይ ትንሽ ነገር ተቀምጦ ካየሁ ሆዴ ይጮኻል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሳምራዊት ናሆም ከሚባል ልጅ ጋር ተዋደደች። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ቤተሰብ ከቤተሰብ ይተዋወቅ ተባለ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የቤታችን ራስ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ደምሴ ነው። ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ወጥቷል፤ ወንበሩን ለቀቀ እንጂ ሰብሳቢነቱን አልለቀቀም።

ጋሼ አንድ ሕግ አለው። «አብሬው ያልበላሁትን ሰው አላውቀውም፤ ለማላውቀው ሰው ደግሞ ልጅ አልሰጥም» ይላል። ማዕድ ላይ ቁጭ ብሎ ሰውን ይመረምራል። ማን ቀድሞ እጁን ሰደደ፣ ማን ሥጋውን ወደ ራሱ ሳበ፣ ማን አጎረሰ። የአክስታችንን ልጅ የጠየቀ አንድ ጨዋ ሰው «ከፊቱ ያለውን ትቶ ከመሐል ቆረሰ» ተብሎ ተመልሷል። ሰውዬው እስካሁን ጥፋቱን የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሳምሪ ይህን ስለምታውቅ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበራትም። ቦታውን የመረጠው ናሆም ነው። አለቃው አንዴ ጋብዞት ኖሮ ዓይኑ እዚያ ቀረ።

«ፊውዥን ነው እማ» አለችኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«የሕንዱን ከእኛው ጋር አዋሕደው ነው የሚሠሩት።»

ሽሮና የሕንድ ቅመም ከተጋቡማ የእኛ ሰፈር የወሰንና የእነሱ ሰፈር የአያት ሰው መጋባት ምን ይከብደዋል ብዬ ተጽናናሁ። የናሆም ወላጆች አያት የራሳቸው ቤት ያላቸው የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴዎች ናቸው፤ እነሱ እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚበሉት አልኩ በልቤ። እነሱ ደግሞ ስለ እኛ እንደዚያው አስበው እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

ጋሼ እንኳ ደስ ብሎታል። «ሕንድን ለእኔ ትነግሩኛላችሁ? ሒሳብ ያስተማረኝ ሕንድ ነው!» እያለ ከወሰን እስከ ዳገቱ ስለ መምህሩ ዣንጥላ ሲያወራልን ሄደ። ለሼፉም የሚያሰማው የእንግሊዝኛ ሰላምታ አዘጋጅቷል።

ቤቱ ባሕር ዛፍ መሐል የተሠራ የመስታወት ቤት ነው። ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው፤ ጾም አይደለም፤ ብርዱ ግን የእንጦጦ ብርድ ነው። የናሆም አባት አቶ መስፍን ወፈር ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ሰላም ብለውን መታጠቢያ ቤት ገብተው ወጡና ገና ሳይቀመጡ «ምሳው ደርሷል አይደል?» ብለው አስተናጋጇን ጠየቁ።

«ዛሬ የጣዕም ጉዞ ነው የምንወስዳችሁ» አለች ልጅቷ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞረና «መጣን እኮ፤ ደግሞ ወዴት ነው?» አለኝ።

መጀመሪያ የመጣው ነጭ አረፋ ነው። በእያንዳንዳችን ፊት፣ በትልቅ ሳህን መሐል፣ የሳሙና የሚመስል አረፋ። የሽንብራ ነው አለች። ጋሼ ከወንበሩ ተነሣ። ሁላችንም ተነሣን። ማዕድ ሳይባረክ አይነካማ።

የጋሼ ምርቃት አጭር ሆኖ አያውቅም። ከአዝመራው ጀመረ፤ በአገር ሰላም አለፈ፤ የታመሙትን፣ የታሰሩትን፣ መንገደኞችን አዳረሰ። «አሜን» ብለን ዓይናችንን ስንገልጥ ሳህኑ ላይ እርጥብ ነገር ብቻ ቀርቷል።

«ቶሎ ካልተበላ ይጠፋል» አለች ልጅቷ አዝና።

«ምርቃት የማይጠብቅ ምግብ!» አለ ጋሼ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

ሁለተኛው በባሕር ዛፍ ቅርፊት ላይ መጣ። እናቶች ያንን ዛፍ በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ አይቻለሁ፤ ሳህን ይሆናል ያለኝ ግን የለም። ቅርፊቱ ላይ ሽንብራ ተነስንሶ፣ በሽንብራው ላይ የለውዝ ልጣጭ የምታክል አንዲት የተጠበሰች ክብ ነገር ተቀምጣለች። ለአንድ ሰው አንድ።

«ይጀምሩ እንጂ» አሉ አቶ መስፍን።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» አለ ጋሼ።

«በፍጹም! ታላቅ እያለ?»

«እንግዳ እያለማ አይሆንም።»

«እንግዶቹስ እናንተ ናችሁ!»

ሁለቱ እጃቸውን እንደ ትራፊክ ዘርግተው ሲጋበዙ እኛ ምራቃችንን እንውጣለን። ታላላቆቹ ሳይነኩ እኛ አንነካም። ልጅቷ ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ ቸገራት። «ካልተመቻችሁ ላንሣው?» አለች።

ጋሼ አራት ጊዜ ሳይለመን እሺ ብሎ በልቶ አያውቅም። ልምዱ ሆኖበት «አንሺው ልጄ፤ ተመስገን፣ ጠግበናል» አለ። ልጅቷ ደግሞ ሰው አንዴ ሲናገር የምታምን ኖራለች፤ አነሣችው!

የስድስታችንም ዓይን ቅርፊቱን እየተከተለ እስከ ወጥ ቤቱ በር ሄደ። የእኔና የናሆም እናት የወይዘሮ ጽጌ ቅርፊት እስኪነሣ ግን ከሥሩ ያለውን ሽንብራ በእፍኝ ዘግነን ነበር። ጥሬ ነው። ብቻ ቆረጠምነው።

«ማዘር፣ እሱ እኮ ዲኮር ነው» አለች ልጅቷ ስትመለስ።

«ግድ የለም፣ ዲኮሩን ተይልን» አሏት ወይዘሮ ጽጌ። ያኔ ሴትዮዋን ወደድኳቸው።

ሦስተኛው ላይ ሼፉ ራሱ ወጣ። የጤፍ ዶሳ ነው፤ ስስ ቂጣ ተጠቅልሎ እንደ ቆብ ቆሟል። ጋሼ ሰላምታውን በእንግሊዝኛ አቀረበ። ሼፉ «እንደምን ዋሉ አባባ» አለው፤ ለካ ልጁ የአዲስ አበባ ልጅ ነው።

«ሕንዱስ?»

«እኔ ነኝ የምሠራው አባባ፤ እዚያ ሄጄ ተምሬ ነው።»

ጋሼ የመምህሩን ነገር ለማን ይንገር? ቅር አለው። ሼፉ ደግሞ ማብራራት ጀመረ። ስለ አብሲቱ፣ ስለ እርሾው፣ ከልጅነት ትዝታው ጋር ስላደረገው ንግግር። ምግቡ ከፊታችን ቆሞ፣ ልጁ ከምግቡ አጠገብ ቆሞ፣ የሰው ንግግር እንዴት በእህል ይቋረጣል? ሁላችንም በጨዋ ደንብ ራሳችንን እንነቀንቃለን።

አቶ መስፍንን ያየኋቸው በዚህ መሐል ነው። እኔ ነጠላዬን ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ እሳቸው ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ተቆጥተዋል አልኩ። ጋሼ ጨዋታ ለመፍጠር «ሥራስ እንዴት ነው?» አላቸው።

አቶ መስፍን ቀና ብለው አዩት። ቆይተው «ሲሚንቶው ምሳ በልቷል?» አሉ።

ጋሼ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ጠጥቶ ነው የመጣው» አለኝ። ድምፁን የቀነሰ መስሎት ነው፤ ሳምሪ ሰማች። ፊቷ አመድ ሆነ። ጋሼ ባርኔጣውን ከወንበሩ ጫፍ አነሣ። ባርኔጣውን ካነሣ አበቃ፤ ጋሼ ተመልሶ አይቀመጥም። እኔ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጨብጬ «እመቤቴ ድረሽ» አልኩ።

ቢቆጣም ጨዋ ነውና ሊሰናበት እጁን ዘረጋ። አቶ መስፍን ጨበጡት። ጋሼ ግን እጁን አልመለሰም። ያዝ አድርጎ ቆየ። ያ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ በላብ ርሷል።

«ስኳር አለብዎት?» አለ ጋሼ።

ወይዘሮ ጽጌ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ኧረ በስማም! እሱማ እንደ ድንጋይ ነው!» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው መሬት ወረደ። «በዘር ነው ይሉናል ብለን እኮ ነው የደበቅነው» አሉ ቀስ ብለው። ናሆም አባቱን አየ፤ እናቱን አየ። እሱም አያውቅም ነበር።

«ምን ነውር አለው? እኔም አለብኝ» አለ ጋሼ።

እኔ እህቱ ይህን የሰማሁት ያኔ ነው። ያለ ስኳር ሻይ ሲጠጣ «ስለት አለብኝ» ይለን ነበር፤ እኛም ሃይማኖተኛነቱን ስናደንቅ ኖርን። ኪሱን ፈተሸ፤ የከረሜላ ወረቀት ብቻ። «ስኳራቸው ወርዷል፤ ጣፋጭ አምጡ!» ብሎ ጮኸ።

«ጣፋጩ ሰባተኛው ላይ ነው የሚመጣው» አለች ልጅቷ ደንግጣ።

ለሼፉ ምስጋና ይግባውና ንግግሩን ጥሎ ሮጠ። በሳህን የለ፣ በቅርፊት የለ፣ ጉላብ ጃሙን የሚሉትን በሽሮፕ የሚዋኝ ጣፋጭ ኳስ ከነድስቱ ይዞ መጣ። ጋሼ አንዱን በጣቱ አንሥቶ ወደ አቶ መስፍን አፍ አስጠጋ። አቶ መስፍን፣ ያ ሁሉ ላብ እየወረዳቸው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ኧረ... እርስዎ ይቅደሙ» አይሉም መሰላችሁ!

«አፍዎን ይክፈቱ ብያለሁ!» አለ ጋሼ።

ጎረሱ። ጋሼ ወዲያው ሁለተኛውን አነሣ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለ። ያንንም ጎረሱ። ሳቅና እንባ አንድ ላይ ሲመጣ ያየሁት ያን ዕለት በልጄ ፊት ነው።

ጥቂት ቆይተው አቶ መስፍን ወደ ራሳቸው ተመለሱ። መታጠቢያ ቤት የገቡት መርፌያቸውን ሊወጉ ነበር። «ምግብ ቤት ከተቀመጡ ምግብ ይመጣል ብዬ ነው» አሉ እያፈሩ። ይህ እንኳ ማንም የሚያምነው ነገር ነበር።

ሼፉ ከዚያ በኋላ ማብራሪያ አልሰጠም። የወጥ ቤቱ ሠራተኞች ለራሳቸው ያበሰሉትን የምስር ወጥና ሩዝ በአንድ ትልቅ ትሪ አቀረበ። ስድስታችን በእጃችን በላን። እንዲያ የሚጣፍጥ ምስር በልቼ አላውቅም፤ ርሃብ ይሁን የሕንድ ቅመም እንጃ። አቶ መስፍን ከፊታቸው እየበሉ፣ መሐሉን ለጋሼ እየገፉ፣ በመጨረሻ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱት። ሳምሪ ጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

ጋሼ ግን ጋሼ ነው። ስንለያይ ናሆም በዓይኑ ሲለማመጠው «ይህ ሕክምና እንጂ ምሳ አይባልም፤ እናስብበታለን» ብሎ ባርኔጣውን ደፋ።

አሁን ሳስበው በዚያ ቤት አልቀየምም። የሚያስቀኝ የእኛ ነገር ነው። ስድስት የተራበ ሰው፣ ሁለቱ ሕመማቸውን ደብቀው፣ ሁላችንም ረሃባችንን ደብቀን፣ ጠግበናል ስንል። ሼፉ በዶሳው ስንት ደክሞበት ይሆን፤ እስካሁን ያልቀመስኩት ይቆጨኛል።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ከቤት ወጥቶ ታክሲ ተሳፍሮ አያት ወረደ። አቶ መስፍንን ከሱቃቸው ጠርቶ አብረው ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ተራ በተራ ጣታቸውን ተወግተው ስኳራቸውን ተለኩ። ከዚያ ወጥተው በአቅራቢያው ካለ ምግብ ቤት ገቡና አንድ ሽሮ ለሁለት አዘዙ። በልተው ሲጨርሱ ጋሼ ደወለልኝና «ሽማግሌ ይላኩ በያት» ብሎ ስልኩን ዘጋው።