የድምፅ ዳኛው

መኪና ገዝቶ ሞተሩ ያላስጨነቀው ሰው ካለ እናቱ የመረቀችው ነው። ሌላው ሰው ግን ገና የወንበሩ ላስቲክ ሳይነሳ «ኧረ ይሄ ነገር ምንድን ነው የሚጮኸው?» እያለ፣ እየተርበተበተ ወደ ሻጩ ጋራዥ ይመጣል። እዚያ ደግሞ ዳኛው ይጠብቀዋል።

ዳኛው የጋራዡ አንጋፋ መካኒክ ነው። ትክክለኛ ስሙን የሚጠራው ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ከመኪና መሸጫው አዳራሽ ጀርባ ወለሉ ላይ በቀይ ቀለም የተሠመረ አራት ማዕዘን አለ። ሞተሬ እንግዳ ድምፅ አወጣ የሚል ሁሉ መኪናውን እዚያ ውስጥ ያቆማል። ኮፈኑ ይከፈታል፤ ዳኛውም ክንድ የሚያህል ካቻቢቴውን ወደ ላይ ያነሳል። ያኔ መዶሻው ሁሉ ይቆማል፣ ጎማ የሚነፋው ኮምፕሬሰር ይጠፋል፣ ወሬ ይቋረጣል። ዳኛው የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ኋላ አጥንቱ ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ወይ «አለ» ይላል፣ ወይ «የለም» ይላል። ጸሐፊው ያችኑ ቃል ቅጹ ላይ ያሰፍራል። «አለ» ከተባለ ድርጅቱ በዋስትናው ይጠግናል፤ «የለም» ከተባለ ባለመኪናው ቁልፉን ይዞ ወደመጣበት ነው። ሌላ ጋራዥ ሞተሩን ከነካው ደግሞ ዋስትናው ይሰረዛል። ይግባኝ ብሎ ነገር የለም።

«የለም» ብሎ ቢተው ምን ነበረበት! አይተውም። ግድግዳውን ተደግፈው ተራ የሚጠብቁት ባለመኪናዎች ፊት ሰውየውን ሳያዋርድ አይሸኘውም። አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ «ጠዋት ሳስነሳው ያስላል» ቢሉት «አብራችሁ ታክማችሁ ኑ» አላቸው። አንዱ ወጣት «ሲርርር የሚል ነገር እሰማለሁ» ሲለው፣ ጣቱ ላይ ያለውን አዲስ ቀለበት አየና «ገና ምን ሰምተህ!» አለው። ተራ ጠባቂው ይስቃል፤ ነገ በእሱ እንደሚሳቅበት እያወቀ ይስቃል። ሰው እንዲህ ነው።

እንግዲህ ጉዱን ልንገራችሁ፤ ዳኛው አይሰማም። ከደነቆረ ሦስት ዓመት አልፎታል ብሎ የሚምል ምስክር አያስፈልግም፣ ሚስቱ ትበቃለች። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው፣ ጆሮውም ሲሄድ አልተሰናበተውም። መጀመሪያ የግድግዳው ሰዓት ዝም አለ። ቀጥሎ የሻይ ማንቆርቆሪያው ፉጨት ጠፋ። በመጨረሻ ሚስቱ ከማድቤት ስትጠራው አልሰማ አለ። እሷም መጮህ ሰለቻትና ዝም ማለት ጀመረች። ጋራዥ ውስጥ ግን የሰው ከንፈር እያነበበ፣ ከባድ ብልሽት ሲሆን የካቻቢቴውን ንዝረት በአጥንቱ እየለየ ይውላል። ያልነዘረው ሁሉ «የለም» ነው።

ለምን አልተናገረም? ከእሱ በፊት ወንበሩ ላይ የነበሩትን ሰውዬ ስለሚያውቅ ነው። ሥራውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ጆሯቸው ሲደክም ግን ሰው መሀል ቆሞ «ጋሼ ደንቁረዋል፣ ለድርጅቱ አይጠቅሙም» ያለው ይኸው ተማሪያቸው ነበር። ሽማግሌው የውሃ ጎማ ተሰጣቸውና መኪና እጥበት ወረዱ። ቦት ጫማ አጥልቀው፣ ትናንት «የለም» ብለው የመለሷቸውን ሰዎች መኪና ሲያጥቡ አራት ዓመት ቆዩ። እነዚያ ሰዎች ሆን ብለው ጭቃ ውስጥ ነድተው እንደሚመጡ ዳኛው በዓይኑ አይቷል። ከዚያ ወንበር መነሳት ለእሱ ከሞት ይብሳል።

አንድ ቀን አዋላጇ መጣች። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዳገቱ ላይ ካለ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ሴት ናት። ከልጇ ጋር ጠዋት ትወጣዋለች፣ ማታ ትወርደዋለች።

«ቤንዚን ስሰጠው ደህና ነው። ስለቀው ነው ኳ ኳ የሚለው» አለችው። «ሥራዬ መስማት ነው። የፅንስ ልብ ትርታ ሳዳምጥ ነው የምውለው፤ አልተሳሳትኩም።»

ዳኛው ካቻቢቴውን አነሳ፣ ጋራዡ ዝም አለ፣ አዳመጠ። ምንም።

«እመቤት» አለ ሰው እንዲሰማለት ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ «ይሄ ሞተር አላረገዘም!»

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ሴትየዋ ግን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ከኋላው ዞረችና የቁልፍ ዘለላዋን ሲሚንቶው ላይ ጣለችው። ሁሉም ዞሮ አየ፤ ዳኛው ብቻ የኮፈኑን መወርወሪያ ሲነካካ ቀረ። እሷም ተመልሳ ፊቱ ቆመችና፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ በከንፈሯ ብቻ «ጋሼ፣ አይሰሙም አይደል?» አለችው።

ዳኛው ማን አየን ብሎ ዞር ዞር አለ።

«አይፍሩ፣ ለማንም አልናገርም» አለች እንደዚያው በከንፈሯ። «ነገ ወደ ጤና ጣቢያው ብቅ ይበሉ።»

ሄደ። ምን አማራጭ አለው? ምስጢሩ እሷ እጅ ነው። እሷ ግን ባልደረባዋን ለምና ጆሮውን አስመረመረችው፣ ከዚያም ከመሳቢያ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታህል የመስሚያ መሣሪያ አወጣች። የቀድሞ ተጠቃሚዋ ሞተው ቤተሰባቸው የመለሳት ናት። አጽድታ፣ አስተካክላ፣ በእጇ ሰካችለት። «ይሰማዎታል?» ስትለው ዳኛው እንባው መጣ። ስለ መኪናዋ አንድም ቃል አላነሳችም።

በማግስቱ የሱፍ ቆቡን ጆሮው ላይ ስቦ ሥራ ገባ። በሩ ላይ ጎማ ቀያሪው እንደ ወትሮው ከንፈሩ እስኪደበቅ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀበለው። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሚቀበለው። ዳኛውም «ይመስገን፣ አንተስ?» እያለ በኩራት ያልፋል።

«እንዴት አደርክ፣ አንተ ግንድ?» አለው ጎማ ቀያሪው በትህትና።

ዳኛው ቆመ።

«ደህና አደርክ ወይ፣ ደንቆሮ?» አለ ከጎኑ ያለው ቀለም ቀቢ፣ እሱም እጅ እየነሳ። ጸሐፊው መስኮቱ ውስጥ ሆኖ አፉን አፍኖ ይንፈቀፈቃል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ባዳ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ የእሱማ ከጠላት ጋር ሲያሴር ነው የከረመው። ሦስት ዓመት፣ በየጠዋቱ፣ ፊት ለፊቱ! እንዳይቆጣ ደግሞ፣ ዛሬ ሰማሁ ማለት እስከ ትናንት አልሰማሁም ማለት ነው።

«ይመስገን» አለ፤ «አንተስ?»

ቀይ መስመሩ ጋ ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ካቻቢቴውን አነሳ፣ ጋራዡ ዝም አለ፣ ሞተሩ ተናገረ። የሞተሩን ቀበቶ፣ የቺንጊያውን ሲጥሲጥታ ሰማ፤ የቫልቩን ቅጭልጭልታ ሰማ፤ ወጣት ሳለ እንደሚያውቀው ሁሉንም አንድ በአንድ ለየ። ስድቡን ረስቶ እንደ ሕፃን ፈነደቀ። ከሰባት መኪና ስድስቱን «አለ» አለ። ያን የሚያስል መኪና ይዘው በተስፋ የተመለሱት ሽማግሌ ጆሯቸውን ማመን አቅቷቸው «እ?» አሉ።

ስድስተኛዋ አዋላጇ ነበረች። ቤንዚን እንድትሰጠውና እንድትለቀው አደረገ። ስትለቀው ኳ ኳ ኳ! ዳኛው ወዲያው ገባው። ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የሚከላከለው ብሮንዚን ተበልቷል፤ የፒስተኑ ክንድ ዘንጉን በብረቱ እየደበደበው ነው።

«አለ» አለ፤ ከዚያም ዝቅ ብሎ «ልጄ፣ ይቺን መኪና ከዚህ እንዳታንቀሳቅሻት። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ከቆለፈ አለቀልሽ። እዚሁ ትደር፣ ነገ ይፈታል።»

እሷም እጁን ያዘችና ሳመችው። ልጇን አቅፋ በእግሯ ሄደች።

ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ አስጠራው። ልጅ እግር ነው፤ ንግግሩ ለስላሳ፣ እጁም ለስላሳ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ። ቆብዎን ያውልቁት፣ ይሞቃል።»

አወለቀ። ሥራ አስኪያጁ ጆሮው ውስጥ ያለችውን ነገር አየና ራሱን ነቀነቀ።

«አየ ጋሼ! እኔ የማላውቅ መሰለዎት? እዚህ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው ያወቅሁት። ከኋላ ሆኜ ስጠራዎት አልዞሩም።»

«ታዲያ... ለምን አላነሳኸኝም?»

«ለምን አነሳዎታለሁ? የሚሰማ መካኒክ እንደሆነ ሞልቷል። እንደ እርስዎ ከልቡ ‹የለም› የሚል ግን ከየት አባቴ ላመጣ ነው? ሌላው ሲዋሽ ፊቱ ያሳብቅበታል። እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ሲሉ ግን ሰው ያምናል። እኔ ራሴ ሳይቀር አንዳንዴ አምን ነበር።» ሳቀ። «የእርስዎ ጆሮ ለዚህ ድርጅት በረከት ነበር፣ ጋሼ። አሁን ምን ነካዎት?»

የዳኛው የሦስት ዓመት ስም፣ በየዓመት በዓሉ የሚሰጠው ምስጋና፣ ያ ሁሉ ጸጥታ ለደንቆሮነቱ ነበር ለካ!

«እንግዲህ ምርጫው የእርስዎ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ያንን ነገር ቤት ትተው መጥተው ወንበርዎ ላይ ይቀመጣሉ፣ ወይ እንደሰኩት እጥበት ይወርዳሉ። እጥበት ደግሞ ውሃ ይበዛል፣ ለዕቃውም አይስማማው። የዛሬዎቹን ስድስት መኪናዎች ነገ በድጋሚ ይሰሙልናል።»

«የአዋላጇ ሞተር እኮ ሊቆልፍ ነው። ልጅ ይዛ ነው የምትሄደው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ? ዳኛው እርስዎ ነዎት።»

ማታ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። እሷም ከስንት ዘመን በኋላ ሳትጮህ አወራችው።

«እጥበትም ሥራ ነው፣ አንተ ሰው! ሰው መኪና ስላጠበ ሞተ? እኔ እንደሆነ የማወራው ባል አግኝቻለሁ፣ ቦት አጥልቀህ ብትገባም ግድ የለኝም።»

«አንቺ አታውቂያቸውም። ጭቃ ፈልገው ነው የሚመጡት።»

«ይምጡ! ጭቃ ይታጠባል።»

ቀስ ብሎ መሣሪያውን ከጆሮው አወጣ። እሷ አፏ ሲንቀሳቀስ ትንሽ አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጠዋት ጎማ ቀያሪው እጅ ነሳው፤ ዳኛው «ይመስገን» ብሎ አለፈ።

ስድስቱም ባለመኪናዎች ተጠርተዋል። አምስቱን በየተራ «የለም» አላቸው። ሽማግሌው አለቀሱ፤ አንዱ ተሳደበ፤ ስድቡ ለሌላ ሰው እንጂ ለእሱ አልደረሰውም። አዋላጇ ልጇን ይዛ፣ ገና ከሩቅ እያየችው ፈገግ ብላ መጣች። ካቻቢቴውን አነሳ። ኮምፕሬሰሩ ጠፋ። አጥንቱ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ።

«የለም።»

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ቀረ። ቀና ብላ ጆሮውን አየች፤ ባዶ ነው። ያኔ ገባት። ፊቱ መጥታ ቆመችና፣ እንዲያነበው ብላ ቃሉን አንድ በአንድ አወጣችው።

«ትናንት አታንቀሳቅሻት ብለውኝ ነበር።»

«ትናንት ተሳስቼ ነው።»

«እሺ፣ ጋሼ። ሌላ ጋራዥ ባስነካት ዋስትናዬ ይሰረዛል፣ ጤና ጣቢያ ደግሞ እናቶች ይጠብቁኛል። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ።» የልጇን እጅ ከፍ አድርጋ አሳየችው። «ላሳፍረው?»

ጋራዡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ሥራ አስኪያጁም የፎቁ መስታወት ጋ ቆሟል። ዳኛው ሁሉንም አየ፤ የእጥበቱን ቦታም አየ። ዓይኑን በጨው አጥቦ «አሳፍሪው» አላት።

ጸሐፊው ጻፈ። እሷም ልጁን ከኋላ አስቀምጣ ቀበቶውን አሰረችለት፣ ገባች፣ አስነሳች። ኮምፕሬሰሩን የሚያበራ ሰው አልነበረም። መኪናዋ ከቀይ መስመሩ ወጥታ በሩን እስክታልፍ ኳ ኳ ኳ ስትል ጎማ ቀያሪው ሰማ፣ ቀለም ቀቢው ሰማ፣ ጸሐፊው ሰማ፤ የሳቀ ግን የለም።

«ቀጣይ!» አለ ዳኛው።