ከራዲያተሩ ሥር የተጻፈው ቁጥር

የሺዋስ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቧንቧ ሲዘረጋ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከሉማሜ ሲመጣ አንድ መፍቻ ብቻ ነበረው፤ ዛሬ እጁ ያላረፈበት ግቢ ተፈልጎ አይገኝም። ደግ ሰው ነው፣ ሥራውም ንጹሕ ነው። ግን ይቀናል፤ ከሰው ሁሉ የሚቀናው ደግሞ በመሳፍንት ነው።

መሳፍንትን ሙያውን ያስተማረው እሱ ራሱ ነው። ወጣቱ አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ሠርቶ ሲመለስ፣ ወይዘሮ ያለምወርቅ የአዲሱን ቤታቸውን የማሞቂያ ሥራ ለእሱ ሰጡት። አንድ ቦይለር ውኃ እያሞቀ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ወደተሰቀሉ ሰባት ራዲያተሮች ይልካል። ማርቆስ እንዲህ ያለ ሥራ አይታ አታውቅም። የሺዋስ ያን ቀን ምሳ አልበላም። «ባጎረስኩ ተነከስኩ» እያለ ሚስቱን ዘመናይን ሳምንት ሙሉ አሰለቻት።

ሐምሌ ላይ ወሬ ደረሰው። ሳሎኑ እንደ ምድጃ ሲግል፣ የወይዘሮዋ እናት የሚተኙበት የመጨረሻው ክፍል በረዶ ሆኗል አሉ። የሺዋስ ደስ አለው፣ መደሰቱንም አልደበቀም። ብዙ ሳይቆይ ወይዘሮዋ ራሳቸው አስጠሩት፤ ሸሚዝ ቀይሮ ሄደ።

ሳሎን እንደገባ ነገሩ ገባው። ውኃ ሰነፍ ነው፤ ቅርቡ በር ሰፊ ከሆነለት ሩቅ አይሄድም። ነገሩ እንደ ድግስ አሳላፊ ነው፤ ከፊት ላሉት እስከ አፉ ከቀዳ፣ በሩ አጠገብ ያሉት ባዶ ዋንጫ ታቅፈው ይቀራሉ። ስለዚህ ለቦይለሩ የቀረቡት ራዲያተሮች ቫልቭ፣ ማለትም የውኃ መክፈቻቸው፣ ጠበብ፣ የሩቆቹ ሰፋ መደረግ አለበት። መሳፍንት ይህን ረስቷል ብሎ ሊስቅ ሲል፣ ከእያንዳንዱ ራዲያተር ሥር በጠመኔ የተጻፈ ቁጥር አየ። ቫልቩ ስንት ዙር እንደሚከፈት የሚናገር ነው። የሳሎኑ «ግማሽ» ይላል፤ ቫልቩ ግን አራት ዙር ተከፍቷል።

የቤቱን ሠራተኛ ወንጌላዊትን ጠየቃት። የወይዘሮዋ የንስሐ አባት ለማኅበር መጥተው ሳለ ብርድ እንዳይነካቸው ብላ በፒንሳ ከፍታው ነበር። ለካህን ክብር የተከፈተን መልሶ መዝጋት ደግሞ ነውር መሰላት። ይህን ነግራው ወደ ጓዳ ተመለሰች።

የሺዋስ ሳሎኑን ወደ ግማሽ ዙር መለሰ፣ ሌሎቹንም በቁጥራቸው አመሳከረ። ከዚያ ጨርቅ አርጥቦ ጠመኔውን አንድ በአንድ ጠረገው። ክፉ ሥራ መሆኑን ያውቃል፤ እጁ ግን አላቆመም።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ክፍል ሞቀ። አሮጊቷ መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳርፈው መረቁት። ወይዘሮ ያለምወርቅ ችግሩ ምን እንደነበር ጠየቁት።

«ሲጀመርም በወጉ አልተስተካከለም፣ እትዬ» አለ።

ወይዘሮዋ ግራ ገባቸው። «መሳፍንት ለሥራ ባሕር ዳር ስለሄደ ደውዬለት ነበር። ‹ሌላ ሰው እንዳይነካው፤ የሺዋስን ይጥሩት፣ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ቁጥሩን ሲያይ ይገባዋል› ነው ያለኝ። የቱን ቁጥር ነው?»

የሺዋስ እርጥቡን ጨርቅ በእጁ ጠቀለለ። ዝም ቢል ሥራውም ስሙም የእሱ ነው፤ ሲጠርግ ያየው የለም።

«ጠርጌዋለሁ፣ እትዬ» አለ ዓይኑን ሳያነሣ። «የመሳፍንት ሥራ እንከን የለውም።»

ይህን ሲናገር እንኳ ቀናበት።